አየር በማሳና በማድ ቤት

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የሳይንስና የአትክልት ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር



በዛሬው ቀን ጥቂት ቃል እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ስለ ምን እንናገር በማለት ብዙ ተከራከርን። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ስለ ጠፈር ጉዞ ይሁን አሉ፤ አንዳንዶቹም ስለ ኮምፒዩተር ይሁን አሉ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ከእኛ ጋራ ውሎ ከእኛ ጋራ በሚያድር፥ ነገር ግን ማንም ልብ በማይለው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም አየር ነው። የምንናገረው ስለ ነፋስና ስለ ደመና አይደለም። አየር በአፈር ውስጥ፥ በሊጥ ውስጥ፥ በጋን ውስጥና በቀፎ ውስጥ ሲገባ፥ ወይም እንዳይገባ ሲከለከል ስለሚሠራው ሥራ ነው። ርእሱን ከመጽሐፍ መርጠን አላገኘነውም። አንድ ጥፋት አጥፍተን ከጥፋታችን ስለ ተማርን ነው፤ ስለዚህ ከጥፋታችን እንጀምራለን።

ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤቱ ግቢ በታችኛው በኩል ያለውን ጥቁር መሬት ተረክበን ጥቅል ጎመን፥ ቀይ ሥርና ቲማቲም ተከልን። በሰቆጣ ውኃ ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ለዚህ ጉባኤ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ቢሆንም ችግኞቻችን እንዳይጠሙብን ብለን ጧትና ማታ በየተራ በጀሪካን እየተሸከምን አጠጣናቸው። ከቤታችን ለመጠጥ ከተቀዳው ላይ ቀንሰን ያመጣንበትም ቀን ነበር፤ ይህን እናቶቻችን ገና ዛሬ ይሰሙት ይሆናል። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የጎመኑ ቅጠል ቢጫ ሆነ፥ ከዚያም ጠወለገ። የጠወለገ ተክል ያየ ሰው ሁሉ የሚያስበውን አሰብንና ጠምቶታል አልን። ውኃውን ጨመርን፤ ባሰበት። ገሚሶቻችን ዘሩን አማን፥ ገሚሶቻችን ፀሐዩን ወቀስን፤ አንድ ጓደኛችን እንዲያውም የሰው ዐይን በልቶት ነው እስከ ማለት ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ አባት በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ቆም ብለው አዩን። ገቡና አንዱን ጎመን ነቅለው ሥሩን አሸተቱት፤ እኛም እንድናሸተው ሰጡን። ሥሩ ጠቁሮ ነበር፥ ሽታውም እንደ ገማ እንቁላል ነው። «ልጆቼ» አሉን፥ «ይህ የሞተው በጥም አይደለም፤ ታፍኖ ነው። ውኃ ተሸክማችሁ አሰጠማችሁት»።

ጥም በሚፈራበት አገር ተክልን በውኃ አስጥሞ መግደል ምን ያህል እንዳሳፈረን ልትገምቱ ትችላላችሁ። ለጥቂት ቀን የክበቡን ስም የሚያነሣብን ሰው ሁሉ ጠላታችን ሆኖ ነበር።

ነገሩን ይዘን መምህራችንን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም መልሱን ከመንገር ይልቅ ሁለት ብርጭቆ አስመጡ። በአንደኛው ሰው ከማይረግጠው ከዛፍ ሥር የተወሰደ ደረቅ አፈር፥ በሁለተኛው ተማሪ ከሚመላለስበት መንገድ ላይ የተፈነቀለ ጓል አስቀመጡና ውኃ አፈሰሱባቸው። ከመጀመሪያው ብርጭቆ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ብዙ ጊዜ ወጣ። ከሁለተኛው ግን ጥቂት ወጥቶ ቆመ። ያ አረፋ በአፈሩ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው አየር ነው፤ ውኃው ሥፍራውን ሲይዝበት ሸሽቶ ወጣ።

ሰው መሬት ሲባል ድፍን ነገር ይመስለዋል። ለተክል የሚስማማ ጥሩ አፈር ግን ከመጠኑ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ጠጣር አፈርና ብስባሽ። የቀረው ግማሽ ቀዳዳ ነው፤ ከቀዳዳውም እኩሌታውን ውኃ፥ እኩሌታውን አየር ሲይዘው ለተክል ይመቻል። የተክል ሥር እንደ እኛው ይተነፍሳልና። ቅጠሉ በቀን ብርሃን ኦክሲጂን ያወጣል፤ ሥሩ ግን በጨለማ የሚኖር ስለ ሆነ ኦክሲጂኑን በዙሪያው ካለው የአፈር አየር ይስባል፥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለውንም የተቃጠለ አየር ይተነፍሳል። ቀዳዳው ሁሉ በውኃ የሞላ እንደ ሆነ ኦክሲጂን ወደ ሥሩ መድረስ ይሳነዋል፤ ምክንያቱም ኦክሲጂን ጸጥ ባለ ውኃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው ዐሥር ሺህ ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። የታፈነ ሥር ደግሞ ውኃ ለመሳብ ጉልበት ያጣል። እንግዲህ ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይጠወልጋል፤ እኛም ጠማው ብለን እንጨምርለታለን! የገማ እንቁላል የመሰለው ሽታም አየር በሌለበት ሥፍራ የሚኖሩ ረቂቅ ተሐዋስያን የሚያወጡት ነው።

ይህን ከተረዳን በኋላ የአባቶቻችንን እርሻ በሌላ ዐይን ማየት ጀመርን። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሞፈርና ቀንበር የምንሸከም የገበሬ ልጆች ነን፤ ሆኖም ማረሻው ምን እንደሚሠራ ጠይቀን አናውቅም ነበር። የእኛ አገር ማረሻ አፈሩን እየሰነጠቀ ያላላዋል እንጂ እንደ ትራክተር ማረሻ አይገለብጠውም። ከገመሳ ጀምሮ ለጤፍ የሚሆነው መሬት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። በየጊዜው አየር ይገባል፥ የክረምቱም ውኃ እንዲሰርግ መንገድ ይከፈትለታል።

ነገር ግን እኛን እጅግ ያስደነቀን ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ገበሬው ያን ሁሉ ደክሞ ያላላውን መሬት፥ ጤፍ ሊዘራ ሲል በብዙ ሥፍራ ከብት ነድቶበት ያስረግጠዋል። ልጅ ሳለን ይህን የምናየው እንደ ጨዋታ ነበር፤ ከብቶቹን እያዞሩ መንዳት የእኛ ሥራ ነውና። አሁን ስናስበው ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጤፍ ዘር እጅግ ደቃቅ ናት፤ ሦስት ሺህ ያህሏ ተሰብስባ አንድ ግራም ብትመዝን ነው። አፈሩ ልል ብቻ ከሆነ በሰፋፊው ቀዳዳ ውስጥ ወድቃ ትቀበራለች፥ ወይም በአየር ተከባ እርጥበት ሳይነካት ትቀራለች። ስለዚህ ገበሬው አየሩን አራት ጊዜ ካስገባ በኋላ በአምስተኛው ያስወጣዋል ብንል ሐሰት አይሆንም። ይህን ያስተማረው ኮሌጅ የለም፤ መቼ ማስገባት፥ መቼ ማስወጣት እንደሚገባ ግን ያውቃል።

በቆላው በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ደግሞ ማሽላው ከፍ ካለ በኋላ ገበሬው በሬዎቹን በቡቃያው መካከል ያስገባል። ከከተማ የመጣ እንግዳ ቢያይ ሰውየው የገዛ ሰብሉን የሚያጠፋ ይመስለዋል። ይህ ሽልሻሎ ነው። አረሙ ይነቀላል፥ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፥ ዝናብ መትቶ ያደረቀው የመሬቱ ቅርፊት ይሰበርና ሥሩ ይተነፍሳል፥ ቀጥሎ የሚመጣውም ዝናብ ወደ ጎን ሳይሸሽ ወደ ታች ይሰርጋል። እንዲሁም ከእኛ ርቆ በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ መሬቱ ውኃ የሚያቁር ዋልካ ስለ ሆነ፥ ገበሬዎች መደብና ቦይ እየሠሩ ውኃውን ያፈስሱታል። እኛ በጥቁሩ መሬታችን ላይ ማድረግ የነበረብን ይህን ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ባቄላና ስለ ሽንብራ አንድ ነገር ሳንጨምር ማለፍ አንወድም። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን፥ 21 በመቶው ኦክሲጂን ነው። ናይትሮጂኑን ሰውም ተክልም እንዲሁ ሊጠቀምበት አይችልም። በባቄላ ሥር ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ከአፈሩ አየር ናይትሮጂን ወስደው ለተክሉ ምግብ ያደርጉታል። እባጩን በጥፍራችሁ ብትሰነጥቁትና ውስጡ ሮዝ ቢሆን በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። በታፈነ አፈር ውስጥ ይህ ሥራ ይደክማል። ባቄላ የነበረበት መሬት ለገብስ ይስማማል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

አባቶቻችንን እያመሰገንን ብቻ ብናልፍ ግን ሐቁን መደበቅ ይሆንብናል። ማረሻው ዓመት ዓመት በአንድ ጥልቀት፥ ይኸውም ከአንድ ስንዝር ባነሰ ጥልቀት ሲመላለስ፥ ከታረሰው በታች ያለው አፈር እየጠነከረ እንደ ወለል ይሆናል፤ ሥርም አየርም ውኃም በቀላሉ አያልፈውም። ሁለተኛ፥ አየር በበዛ ቁጥር በአፈሩ ውስጥ ያሉ ተሐዋስያን ብስባሹን በቶሎ ይበሉታል፤ ብስባሹ ያለቀበት አፈር ደግሞ በመጀመሪያው ዝናብ ተመትቶ እንደ ሲሚንቶ ይሆናል። በእኛ ዳገታማ አገር ላይ ብዙ ጊዜ የታረሰ አፈር በጎርፍ ወደ ተከዜ እንደሚወርድ ዐይናችን ያያል። ሦስተኛ፥ አፈሩን አላልቶ ሊያቆየው የሚችለውን እበት ኩበት አድርገን እናነደዋለን። ማገዶ በሌለበት አገር ይህን ማድረግ ስንፍና ነው ለማለት አንደፍርም፤ እናቶቻችን ምን እንዲያነዱ ነው? ቢሆንም ማሳው የሚተነፍስበትን ነገር ምድጃው እንደሚበላው ማወቅ ያስፈልጋል።

ምድጃ ካልን ወደ ማድ ቤት እንግባ። ስለ እርሾ ለማጥናት ስንነሣ መምህራችን ያዘዙን ከየቤታችን ጥቂት ጥቂት እንድናመጣ ነበር። በዚያ ሳምንት እርሾ ያጡ አንዳንድ እናቶች ጎረቤት ሄደው እንደ ተበደሩ ሰምተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ያመጣነውን እርሾ ከጤፍ ዱቄትና ከለብ ያለ ውኃ ጋራ ለውሰን በጠርሙስ አደረግንና በአፉ ላይ ፊኛ አሰርንበት። በማግሥቱ ስንመጣ ተኝቶ የነበረው ፊኛ ቀና ብሎ ቆሞ አገኘነው፤ የክፍሉም ሽታ ለሌላው መምህር አልተስማማቸውም። በፊኛው ውስጥ ያለውን በቀጭን ቱቦ ወደ ኖራ ውኃ ብንለቀው፥ ንጹሕ የነበረው የኖራ ውኃ እንደ ወተት ነጣ። በአፋችን እፍ ብንልበትም እንዲሁ ይነጣል። ስለዚህ ሊጡን ኩፍ የሚያደርገው ከውጭ የገባ አየር ሳይሆን፥ በእርሾው ውስጥ ያሉት ሕያዋን የዱቄቱን ስኳር በልተው የሚተነፍሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አወቅን። ከዚያን ቀን ወዲህ ሊጥ ይተነፍሳል ብንል ማንም አልሳቀብንም።

የስንዴ ዳቦ ያን አየር ይዞ የሚያቆየው ግሉተን የሚባል እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነገር ስላለው ነው። ጤፍ ግን ይህ የለውም። ታዲያ የእንጀራ ሊጥ በምን ይዞት ዐይን ያወጣል? መልሱ ያለው በአብሲት ላይ ነው። ከቦካው ሊጥ ጥቂቱ ተቀንሶ በፈላ ውኃ ተማስሎ ይበስልና፥ ሲበርድ ተመልሶ ከሊጡ ይቀላቀላል። በእሳት የበሰለው ዱቄት እንደ ሙጫ ስለሚወፍር አረፋውን ያቅፈዋል፤ ለእርሾውም ቀላል ምግብ ስለሚሆነው ሊጡ ዳግመኛ ኩፍ ይላል። ከዚያም በጋለው ምጣድ ላይ ሲፈስ አረፋው በሙቀት ያብጥና ወደ ላይ እየፈነዳ ይወጣል፤ ሊጡም በዚያው ቅጽበት ስለሚበስል ቀዳዳው ሳይደፈን ይቀራል። በሺህ የሚቈጠሩት የእንጀራ ዐይኖች አየሩ የወጣባቸው በሮች ናቸው። እናቶቻችን አክንባሎውን የሚደፉት ዐይኑ ከወጣ በኋላ ነው እንጂ አስቀድሞ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል። ዐይን አላወጣ ያለ እንጀራ ሲጋገር ዱቄቱን ከማማት በፊት፥ አብሲቱ ቀጥኖ እንደ ሆነ ወይም ኩፍ ብሎ ካለፈ በኋላ ተጋግሮ እንደ ሆነ መጠየቅ ይሻላል። ይህን የነገረችን የአንዱ ጓደኛችን አያት ናት፤ መጽሐፉ በኋላ መሰከረላት።

የምንኖርበትም ሥፍራ ራሱ በማድ ቤታችን ላይ ሥልጣን አለው። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በቀይ ባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የባቄላ ንፍሮ እንጨት የሚጨርሰው ከዚህ የተነሣ ነው። በአንጻሩ ሊጡን የሚጫነው አየር ቀላል በመሆኑ አረፋው በሰፊው ያብጣል፥ ዳቦም ቶሎ ይነሣል። ከቆላ የመጣች ባለሞያ በለመደችው ሰዓት ብትጋግር ዳቦው ተነሥቶ እንዳይወድቅባት መጠንቀቅ አለባት።

ከእርሾ ሌላ አየርን በክንድ ጉልበት ማስገባትም አለ። በትግራይ የሚታወቀው ሕልበት በጾም ወራት ከባቄላ ወይም ከምስር ዱቄትና ከአብሽ ተሠርቶ ከበሰለ በኋላ፥ ነጥቶና አረፋ ሆኖ እስኪቀልል ድረስ የሚመታ ወጥ ነው። የሚነጣው ቀለሙ ተለውጦ አይደለም፤ በውስጡ የገቡት እልፍ አእላፍ ትናንሽ የአየር አረፋዎች ብርሃንን ስለሚበትኑ ነው። እርጎ የምትንጥ እናትም ቅሉን አፍ እስካፉ አትሞላውም። ለአየር ሥፍራ ካልተወችለት አይናወጥም፥ ቅቤውም አይወጣም።

እስካሁን አየር ስለ ማስገባት ተናገርን። ጠላ የምትጠምቅ እናት ግን ሞያዋ አየርን በመከልከል ላይ ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 ያለ አየር መኖር የሚችሉ ረቂቅ ተሐዋስያን እንዳሉ አስታወቀ፤ የእርሾም ጠባይ እንዲሁ መሆኑን መረመረ። እርሾ አየር ሲያገኝ ራሱን ያበዛል፤ አየር ሲያጣ ግን ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ጋኑ ተመርጎ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። ምርጊቱ ተሰንጥቆ አየር የገባበት እንደ ሆነ ኦክሲጂን የሚወዱ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይነሡና አልኮሉን ወደ ሆምጣጤ ይለውጡታል። ባለቤቲቱ ጠላው መጣጣብኝ ስትል ነገሩ ይህ ነው። አብሲቱን በሚያማስለው እጅ ጋኑም ይመረጋል፤ አንዲቱ እናት በአንድ ጎጆ ውስጥ አየርን እንደ ወዳጅ ትቀበላለች፥ እንደ ሌባም ትዘጋበታለች።

እሳቱም ራሱ ያለ አየር አይሆንም። ጆሴፍ ፕሪስትሊ የሚባለው እንግሊዛዊ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1774 ኦክሲጂንን ለይቶ ባወጣ ጊዜ፥ ሻማ በውስጡ ከወትሮው እጅግ ደምቆ እንደ ነደደ አየ። ፕሪስትሊ ሳይወለድ ከብዙ ዘመን በፊት ቀጥቃጩ በወናፉ ከሰሉን እየነፋ ብረቱን ያግለው ነበር። ማረሻው የተሠራው በወናፍ አየር ነው፤ ማረሻውም በተራው ለአፈሩ አየር ይሰጣል። በጉልቻ ላይ እንጨት ተጠጋግቶ ሲታጨቅ ግን አየር ስለማያገኝ በጭስ ብቻ ያልቃል፤ ጭሱም የእናቶቻችንንና የታናናሾቻችንን ዐይንና ሳንባ ይጎዳል። ምርጥ የሚባለው የተሻሻለ ምድጃ እሳቱን ከብቦ አየሩን በጠባብ በር የሚያስገባ በመሆኑ እንጨት ይቆጥባል።

ስለ ዋግ ማር ሳንናገር ብናልፍ ከዚህ አዳራሽ በሰላም የምንወጣ አይመስለንም። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ ከእኩሌታው በላይ ውኃ ነው፤ እንዲሁ ቢቀመጥ እንደ ብርዝ ይቦካል። ማታ ወደ ቀፎ ጆሯችንን ብናስጠጋ የምንሰማው ድምፅ ንቦቹ ተሰልፈው በክንፋቸው አየር ሲያመላልሱ ነው። እርጥቡን አየር ያስወጣሉ፥ ደረቁን ያስገባሉ፤ ውኃው ከ20 በመቶ በታች እስኪወርድ ድረስ አያርፉም። ከዚያ በኋላ በሰም ይከድኑታል፤ አየሩን አስገብተው ሥራቸውን ከፈጸሙ በኋላ በሩን ይዘጉበታል ማለት ነው። ሰም ሳይደፈን የተቆረጠ ማር ቶሎ የሚበላሸውም ስለዚህ ነው። የሰቆጣ ነጭ ማር በገበያ ስሙ የተጠራው በአበባው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የደጋችንም ደረቅ አየር ንቦቹን ሳያግዛቸው አይቀርም ብለን እናስባለን።

ነቀዝም ይተነፍሳል። አየር የማያሳልፍ ሦስት ንብርብር ከረጢት ውስጥ ደረቅ እህል ሞልቶ አጥብቆ ያሰረ ገበሬ መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክሲጂን ራሱ ተንፍሶ ይጨርስና ያልቃል። ነገር ግን ከረጢቱን በየሳምንቱ እየፈታ ያየ እንደ ሆነ ለነቀዙ ነፍስ ይዘራበታል።

አሁን ወደ አትክልታችን እንመለስ። አባቶቻችን የ1977 ዓ.ም. ድርቅ በዚህ አገር ላይ ያደረሰውን ሲነግሩን አድገናል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል በከተማችን ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ተጠርቷል። ስማችን የተጠራበት ምክንያት የሚያኮራ ብቻ አይደለም፤ ልጆች በምግብ እጦት በቁመታቸው የሚያጥሩበት አገር ስለ ሆነ ነው። በየቤቱ ጓሮ ጎመንና ቀይ ሥር እንዲበቅል የሚመከረውም ለዚህ ነው። ታዲያ እናት ለሕፃኗ ጎመን ለማብቀል አንድ ጀሪካን ውኃ ስትሰጥ፥ ውኃው ተክሉን የሚያሰጥም ከሆነ ሁለት ጊዜ ትጎዳለች። የእኛ ጥፋት ተራ የልጆች ጥፋት ብቻ አለመሆኑ የታየን በዚህ በኩል ነው።

ዘንድሮ በዚያው መሬት ላይ ሦስት መደብ ሠራን። የመጀመሪያውን እንደ ባለፈው ዓመት ዝቅ ብሎ እንዲቆይ ተውነው። ሁለተኛውን ጉልበታችን እስከ ቻለ በጥልቅ ቆፈርነው፥ ግን ምንም አልጨመርንበትም። ሦስተኛውን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርገን፥ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጥን ያዘጋጀነውን ብስባሽ ፍግ ቀላቀልንበት፤ በዙሪያውም ቦይ አወጣንለት። ፍጉ ሳይገላበጥ የቀረ ጊዜ እንደ ጎመኑ ሥር ይገማ ነበር፤ ሲገላበጥ ግን ይግልና እንደ ጫካ አፈር ይሸታል። እዚያም ላይ አየር ነው።

ሁለተኛው መደብ በመጀመሪያው ወር ከሁሉም በልጦ ስለ ነበር በመካከላችን ክርክር ተነሣ፤ ገሚሶቻችን መቆፈር ብቻ ይበቃል አልን። የበልግ ዝናብ ሁለት ጊዜ ከመታው በኋላ ግን አፈሩ ተመልሶ ተጣብቆ እንደ ፊተኛው ሆነ። በብስባሽ ያልተደገፈ አፈር የገባለትን አየር ይዞ ማቆየት አልቻለም። ሦስተኛው እስከ ዛሬ በጣት ሲነካ ይላላል። ባለፈው ዓመት ለአንድ መደብ በቀን አራት ጀሪካን እናፈስስ ነበር፤ አሁን በሁለት ቀን አንዴ አንድ ጀሪካን ይበቃዋል፤ ያውም ከማጠጣታችን በፊት ጣታችንን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አስገብተን እርጥበት መኖሩን እናያለን። ይህን ያስተማሩን ጎመኑን ነቅለው ያሸተቱት አባት ናቸው። ዛሬም ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን እንዳንጠራ ግን ለምነውናል።

ከበዓሉ በኋላ ሦስቱንም መደቦች እንድትመለከቱልን እንለምናለን። በድንጋይ በደለደልነው መንገድ ብቻ ሂዱ፤ መደቡን እባካችሁ አትርገጡብን። ባለፈው ወር አዳራሹን ለበዓሉ ለማዘጋጀት ወንበር የሚያመላልሱ ጓደኞቻችን መንገድ ለማሳጠር የሦስተኛውን መደብ ጥግ ረግጠውት አልፈው ነበር። ጫማቸው ያረፈበት ሥፍራ ላይ ያሉት አራት ቀይ ሥሮች ከጎናቸው ካሉት እኩያዎቻቸው በግማሽ አንሰው ይታያሉ። አልነቀልናቸውም፤ እንድታዩአቸው ብለን እንዲያው እንዳሉ ትተናቸዋል።